አንድ ጋቢ የብዙ ሰው እጅ ነው
(በሆሳዕና አካባቢ አንድ ዘማች ተማሪ ለማታ ተማሪዎች ያደረገው ንግግር)



ዛሬ ስለ ሩቅ ነገር አላወራችሁም። የማወራችሁ ትከሻችሁ ላይ ስላለው ነገር ነው። እስኪ እያንዳንዳችሁ የለበሳችሁትን ጋቢ፣ ነጠላ ወይም ቡልኮ በእጃችሁ ዳሰስ አድርጉት። ይህን ልብስ ማን ሠራው? «እኔ ከገበያ ገዛሁት» የሚል ይኖራል። «ባለቤቴ ፈተለችው» የሚልም ይኖራል። «ሸማኔው ነው የሠራው» የሚልም አይጠፋም። ሁሉም ልክ ነው፤ ግን ሁሉም ጎደሎ ነው። አንድን ጋቢ አንድ ሰው ብቻውን ሠርቶት አያውቅም። እስኪ መንገዱን ከመጀመሪያው አብረን እንከተለው።

፩. ከጥጥ እስከ ጋቢ

ጥጥ ሙቀት የሚወድ ተክል ነው። በእኛ ደጋ እንሰቱና ገብሱ ያምራል እንጂ ጥጥ አይሆንም። ስለዚህ ጥጡ ከቆላ ይመጣል። በአርባ ምንጭ አካባቢና በአዋሽ ሸለቆ ጥጥ በሰፊው ይመረታል። የቆላው ገበሬ ዘርቶ፣ አርሞ፣ ለቅሞ ለነጋዴ ይሸጣል። ነጋዴው ደግሞ ወደ ሆሳዕና፣ ወደ ዱራሜ፣ ወደ አንጋጫ ገበያ ያመጣዋል። እንግዲህ ገና ከመጀመሪያው፣ አይታችሁት የማታውቁት ሰው ላብ ትከሻችሁ ላይ አለ ማለት ነው።

ከገበያ በኋላ ሥራው የእናቶች ነው። በመጀመሪያ ጥጡ ይዳመጣል። በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተደርጎ ቀጭን ብረት ሲንከባለልበት ፍሬው ተለይቶ ይወጣል። ያንን ብረት የሠራው ቀጥቃጩ ነው። ቀጥሎ ጥጡ በደጋን ይነደፋል። የደጋኑ ጅማት ሲመታ ጥጡ ይፍታታል፣ ይለሰልሳል፤ ባዘቶ ይሆናል። ባዘቶው በእንዝርት ይፈተላል። የተፈተለው ክር ተጠቅሎ ልቃቂት ይሆናል።

ፈትል ለሚያየው ቀላል ነው። እኔም ቀላል መስሎኝ አንድ ቀን እንዝርት ተቀብዬ ሞከርኩ። ክሩ አንድ ጊዜ እንደ ገመድ ይወፍራል፣ አንድ ጊዜ እንደ ሸረሪት ድር ቀጥኖ ይበጠሳል። እንዝርቱም ከእጄ አምልጦ ወደ ምድጃው ተንከባለለ። እማማ እስኪደክማቸው ስቀው «ልጄ፣ አንተ እርሳስህን ያዝ» አሉኝ። ያን ዕለት አንድ ነገር ገባኝ። እናንተ ፊደል ስትጽፉ እጃችሁ ሲንቀጠቀጥ እኔ አስተማሪ ነኝ። እንዝርት ሲያዝ ግን ማይሙ እኔ ነኝ።

ልቃቂቱ ሲሞላ ወደ ሸማኔው ቤት ይሄዳል። ሸማኔው በመጀመሪያ በቁመት የሚዘረጋውን ክር ያደራል፤ ይህ ድር ይባላል። ድሩ እንዳይበጠስ ሙቅ ይቀባዋል። ዛሬ ዛሬ ብዙ ሸማኔ ለድሩ የፋብሪካ ክር ይጠቀማል፤ በእጅ የተፈተለውን ለማግ ያደርገዋል። ማግ ማለት በድሩ መካከል ወዲያና ወዲህ የሚገባው ክር ነው። ሸማኔው ከጉድጓዱ አፋፍ ተቀምጦ በእግሩ እየረገጠ ድሩን ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ በእጁ መወርወሪያውን ይወረውራል። እግሩም፣ እጁም፣ ዓይኑም አያርፍም። አንዲት ክር ብታመልጠው ጨርቁ ይመሰክርበታል።

ተሸምኖ ሲያበቃ ይታጠፋል፣ ይሰፋል። ጋቢ አራት ድርብ ነው። ብርድ የሚከላከለውም ስለዚህ ነው።

አሁን እንቁጠር። የቆላው ገበሬ፣ ነጋዴው፣ ቀጥቃጩ፣ ጥጡን የዳመጠችውና የነደፈችው፣ የፈተለችው፣ የሸመነው፣ የሰፋው። የሸማኔውን ዕቃ የጠረበው አናጢም አለ። ስምንት ሰው ደረሰ። ጋቢ የለበሰ ሰው ስምንት ሰው አቅፎት ይሄዳል ማለት ነው።

፪. እንዝርትና ቃጫ ጎረቤት ይሰበስባሉ

የእጅ ሥራ ልብስ ብቻ አይሠራም፤ ጎረቤትም ይሠራል። በምኖርበት መንደር ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። እናቶች ቡና ሲጠራሩ እንዝርታቸውን ይዘው ይመጣሉ። እጅ ይፈትላል፣ አፍ ያወራል። ማን ታመመ? የማን ላም ወለደች? ማንና ማን ተኳረፉ? ቡናው ሦስተኛው እስኪደርስ የታመመውን የሚጠይቅ ሰው ይመደባል። የተኳረፉትንም የሚያስታርቅ ይመረጣል። ይህን ሁሉ ማንም «ስብሰባ» ብሎ አይጠራውም። ሥራው ግን የስብሰባ ሥራ ነው።

ዊጆን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። እናቶች በየተራ ቅቤያቸውን ለአንዷ ያዋጣሉ፤ ተራዋ የደረሰ ብዙ ቅቤ በአንድ ጊዜ ታገኛለች። ለየብቻ ቢሆን ለወጥ ብቻ የሚበቃው፣ ሲሰበሰብ ለትልቅ ጉዳይ ይሆናል። ፈትልም እንደዚሁ ነው። ልጇን የምትድር እናት ብቻዋን ብትፈትል ክረምትና በጋ ይፈጅባታል። ጎረቤት ሲያግዛት ቀኑ ያጥራል። ነገ ደግሞ እሷ ለሌላዋ ትፈትላለች።

ስለ ቃጫ ደግሞ እናንሣ። እንሰት የሐዲያና የከምባታ ቤት ምሰሶ ነው። ሲፋቅ ቆጮውና ቡላው ለምግብ ይወጣል፤ ጭረቱ ደግሞ ቃጫ ሆኖ ይቀራል። ታጥቦ ፀሐይ ላይ ሲደርቅ ይነጣል። ከዚያ ገመድ ይገመዳል፣ ከረጢትና ምንጣፍ ይሠራል። የቤቱ ክዳን የሚታሰረው በዚያ ነው። ከብቱ የሚታሰረውም በዚያ ነው። እንሰት መፋቅ ደግሞ ጉልበት ይጠይቃል፤ እናቶች በደቦ ሆነው ነው የሚሠሩት። አንዷ ትቆርጣለች፣ አንዷ ትፍቃለች፣ አንዷ ትጨምቃለች። እንግዲህ ጎጆአችንን አስሮ የያዘው ገመድ ራሱ ከደቦ የተገኘ ነው።

፫. ከልደት እስከ መቃብር

ሰው ሲወለድ በልብስ ይጠቀለላል። እናቱ ስታዝለው በልብስ ታዝለዋለች። ሲዳር አዲስ ልብስ ይለብሳል። ለተከበረ ሽማግሌ ምስጋና የሚቀርበው ጋቢ ወይም ቡልኮ በማልበስ ነው። ሽማግሌም ለምርቃት ሲነሣ ጋቢውን አስተካክሎ ነው። ሐዘን ሲደርስ የነጠላው አለባበስ ይለወጣል፤ መንገድ ላይ ያገኘን ሰው ሳይጠይቅ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይላል። ሲሞትም ሰው የሚገነዘው በጨርቅ ነው።

ከሆሳዕና አካባቢ ብዙ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደዋል። ይህን በየቤቱ የምታውቁት ነው። እዚያ አገር የፋብሪካ ብርድ ልብስ ሞልቷል። እናት ግን ሰው ሲሄድላት ጋቢ ትልካለች። የምትልከው ሙቀቱን ብቻ አይደለም። «ልጄ፣ ከእኛ ነህ» ማለቷ ነው።

ፋብሪካ ለአገር አስፈላጊ ነው። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1953 ዓ.ም. ተቋቁሞ ለብዙ ሰው ሥራ ሰጥቷል። አቡጀዲም ወደ አገራችን ከገባ ብዙ ዘመኑ ነው፤ ርካሽ ስለሆነ ድሀውን አልብሷል። ይሁን እንጂ አቡጀዲ ጋቢን አላጠፋውም። ሰው አቡጀዲውን ለሥራ ይለብሳል፤ ለክብሩና ለሐዘኑ ግን ወደ ሸማኔው ይመለሳል።

፬. ልብሱን ወድደን ሠሪውን ስንጠላ

አሁን የምናገረው ነገር ደስ አይልም። ግን ካልተናገርኩት የመጣሁበት ሥራ ጎደሎ ይሆናል።

በብዙ የአገራችን ክፍል ባለ እጅ ሲናቅ ኖሯል። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ፋቂው፣ ሸክላ ሠሪዋ ሁሉም የስድብ ስም ተሰጥቷቸዋል። ስድቡን እዚህ አልደግመውም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። «ዓይናቸው ይበላል» ተብሎ ልጅ ከፊታቸው ይሸሸጋል። በዚሁ በሐዲያና በከምባታ ሸክላ የሚሠሩ፣ ቆዳ የሚፍቁ ቤተሰቦች መሬት አጥተው፣ ከመንደር ዳር ተገፍተው፣ ከሌላው ጋር በአንድ ማዕድ ሳይቀርቡ ብዙ ዘመን ኖረዋል። በሠሩት ሸክላ እንበላለን፤ እነሱን ግን ከገበታው እናርቃለን።

ይህ ጥፋት መሆኑን የተናገርነው እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። በ1900 ዓ.ም. ዓፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ፣ መሬት በራሱ ጉልበት ሊያርስ ለሚፈልግ ሰው ወንድ ሴት ሳይባል እንዲሰጥ ደነገገ። አዋጅ ጥሩ ነው። ነገር ግን አዋጅ ወደ ሰው ሆድ ገብቶ ንቀትን አያወጣም። ንቀትን የምናወጣው እኛው ነን።

ከራሴ ልጀምር። ወደዚህ መንደር እንደመጣሁ በየቤቱ ቡና ጠጣሁ። ሸማኔው ግን ቤታቸው ሲጠሩኝ «ሌላ ቀን» አልኩ። ሌላ ቀንም «ሌላ ቀን» አልኩ። ሰዎች በጆሮዬ ያሉኝ ነገር ነበርና። ዩኒቨርሲቲ የገባሁ፣ ሰው ሁሉ እኩል ነው ብዬ የማስተምር ሰው፣ የአንድ ሲኒ ቡና ድፍረት አጣሁ። ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

፭. የሁለት ልቃቂት ነገር

እንግዲህ በዚያው መንደር የሆነውን ላጫውታችሁ። የማንንም ስም አልጠራም።

አንዲት እናት የባለቤቷን አባት ለያሆዴ ጋቢ ልታለብስ አሰበች። ሽማግሌው አርጅተዋል፤ ለሚቀጥለው ያሆዴ መድረሳቸውም ያሠጋት ነበር። በጋውን ሙሉ ፈተለች። ዐሥራ አራት ልቃቂት ቆጥራ አስቀመጠች። ሐምሌ ላይ ክሩን በከረጢት ለሸማኔው ሰጠች።

ጋቢው ተሠርቶ ሲመጣ አጠረ። ሽማግሌው ሲለብሱት ጉልበታቸው ላይ ቀረ። ሴትዮዋ «ሸማኔው ክሬን በላው» አለች። ሸማኔው «የሰጠሽኝን በሙሉ ሠርቼዋለሁ፤ ክሩ ዐሥራ ሁለት ነበር» አለ። እሷ ዐሥራ አራት፣ እሱ ዐሥራ ሁለት። ምስክር የለም፣ ጽሑፍ የለም። ሰው ማንን ያምናል? የለመደውን አመነ። «ድሮም እነሱ» ተባለ።

ከዚያ በኋላ ክር የሰጡት ሁሉ ክራቸውን ወሰዱ። መወርወሪያው ዝም አለ። በዚያው ሰሞን የሸማኔው ሚስት ወለደች። በእኛ መንደር ሴት ስትወልድ ጎረቤት ገንፎና ቅቤ ይዞ ይጠይቃል። እሷን ግን የጠየቀ አልነበረም። ትልቋ ልጇ ብቻ ውኃ እየቀዳች፣ እሳት እያነደደች አስታመመቻት። እኔም በደጃቸው አልፌ ሄድኩ።

መስከረም ገባ። ለያሆዴ ቤት ሲጸዳ፣ ቆጡ ሲጠረግ፣ ከአንድ አሮጌ የቃጫ ከረጢት ውስጥ ሁለት ልቃቂት ወደቀ። የቤቱ ትንሽ ልጅ አይጥ እንዳይበላው ብላ አንሥታ ሰቅላው ረስታዋለች። ሴትዮዋ ክሩን ይዛ ብዙ ቆየች። መደበቅ ትችል ነበር። ያየ ሰው አልነበረምና።

አልደበቀችም። በማግስቱ ሽማግሌዎች በነፈራው ላይ በተቀመጡበት መጣች። ነፈራ ማለት እንደምታውቁት ሰው ለጉዳይ የሚሰበሰብበት የመንደሩ መስክ ነው። ሁለቱን ልቃቂት ከፊታቸው አስቀመጠችና «ክሩ ቤቴ ተገኘ። እኔ የሰውዬውን ስም አጥፍቻለሁ፤ እናንተም አምናችሁኛል። ስሙን አብረን እንመልስለት» አለች። ከዚያ ገንፎ አገንፍታ፣ ቅቤ ይዛ ወደ አራሷ ቤት ሄደች። ሌሎቹም እናቶች አንድ በአንድ ተከተሏት። እኔም ያን ዕለት ገብቼ ቡናዬን ጠጣሁ።

ሸማኔው ብዙ አልተናገረም። «ክሩን ስጪኝ፤ ለበዓሉ ይደርሳል» አለ። ሌሊት በኩራዝ ሠርቶ ጨረሰው። ሽማግሌው በያሆዴ ዕለት ጋቢው እግራቸው ድረስ ሸፍኗቸው መረቁ። ምርቃቱንም ከሸማኔው ቤት ጀመሩ።

፮. እርሳስ እንዝርትን ያግዝ

ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? አንደኛ፣ ንቀት ባይኖር ኖሮ ሰው ከመፍረዱ በፊት ይጠይቅ ነበር። የጎደለው ክር ሁለት ልቃቂት ነው። የጎደለው እምነት ግን የአንድን ቤት እሳት ሊያጠፋ ተቃርቦ ነበር።

ሁለተኛ፣ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ብትኖር ጠቡ አይነሣም ነበር። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሰዎችን በ15 ቋንቋዎች ሲያስተምር ሐዲይኛና ከምባትኛም ነበሩበት። ያኔ አባቶቻችንና እናቶቻችን ፊደል የቆጠሩት ለጌጥ አልነበረም። እናንተም የተማራችሁት ለዚህ ነው። ክር ስትሰጡ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦

ቀን፦
ክር የሰጠው ሰው ስም፦
ክር የተቀበለው ሰው ስም፦
የልቃቂቱ ብዛት፦
ክብደቱ፦
የሥራው ዋጋ፦
የሚደርስበት ቀን፦
የሁለቱ ፊርማ፦

ሁለት አድርጋችሁ ጻፉት። አንዱ በሰጪው፣ አንዱ በተቀባዩ ዘንድ ይቀመጥ። ይህ አለመተማመን አይደለም። መተማመንን ከአይጥና ከመርሳት መጠበቅ ነው።

ሦስተኛ፣ በኅብረት ሥሩ። በህንድ አገር ማህተመ ጋንዲ የሚባሉ መሪ ነበሩ። አገራቸው በእንግሊዝ ትገዛ ነበር፤ ከእንግሊዝ ፋብሪካ የሚመጣው ጨርቅም የአገሩን ፈታይና ሸማኔ ሥራ አሳጥቶት ነበር። ጋንዲ ሕዝቡን «የራሳችንን ክር እንፍተል፣ የራሳችንን ልብስ እንልበስ» ብለው አስተማሩ። ራሳቸውም ተቀምጠው ይፈትሉ ነበር። ሀብታሙም ድሀውም አብሮ ሲፈትል፣ ተለያይቶ የነበረ ሕዝብ በአንድ ሥራ ተያየ። ህንድ በነሐሴ 1939 ዓ.ም. ነፃ ወጣች። ነፃነቱን ያመጣው ክር ብቻ አይደለም፤ ክሩ ግን ሰዎቹን አስተሳስሯል።

በአገራችንም የጋሞ ደጋ ሰዎች፣ በተለይ የዶርዜ ሸማኔዎች፣ በሙያቸው አዲስ አበባ ገብተው በእንጦጦ ሥር ሽሮ ሜዳን የሸማ ሠፈር አድርገዋታል። እርስ በርስ እየተጠራሩ፣ እየተረዳዱ ነው ያደጉት። ነገር ግን የሚያስጠነቅቅም ነገር አለ። «ሙያ አስተምራቸዋለሁ» እየተባለ ከገጠር ተወስደው፣ ከትምህርት ተለይተው፣ ያለ ዕረፍት ሲሸምኑ የኖሩ ሕፃናት አሉ። ክር ሰውን ሊያስተሳስር የሚገባው በፍቅር ነው እንጂ ሕፃንን በጉድጓድ አፋፍ ለማሰር አይደለም። ልጅ ከአባቱ ጎን ሙያ ይማር፤ ትምህርት ቤቱንም አይተው።

ወገኖቼ፣ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን። ድር እንዲያብር ግን ማግ ያስፈልገዋል። ድሩ ብቻውን የተዘረጋ ክር ነው፤ ነፋስ ይበታትነዋል። ማጉም ብቻውን ልቃቂት ነው፤ ይንከባለላል። አራሹና ሸማኔው፣ ፈታይዋና ሸክላ ሠሪዋ እንደዚሁ ናቸው።

ነገ ጠዋት ጋቢያችሁን ስትለብሱ ስምንቱን ሰዎች አስቧቸው። ከስምንቱ አንዱ ቡና ጠርታችሁት የማታውቁት ጎረቤት ከሆነ፣ ነገ ጥሩት። እሱ ከጠራችሁ ደግሞ እንደ እኔ «ሌላ ቀን» አትበሉ።

 

የመወያያ ጥያቄዎች

1. አንድ ጋቢ እስኪለበስ የስንት ሰው እጅ ያልፋል? ዘርዝሩ።
2. ድር ምንድን ነው? ማግስ?
3. የመንደሩ ሰዎች ሸማኔውን ሳይጠይቁ የፈረዱበት ለምንድን ነው?
4. ሴትዮዋ ሁለቱን ልቃቂት ብትደብቅ ኖሮ ምን ይሆን ነበር?
5. በእናንተ መንደር ከማዕድ የሚርቅ ባለ እጅ አለ? ምን ልታደርጉ አስባችኋል?
6. ከላይ እንደተመለከተው አድርጋችሁ የክር መቀበያ ወረቀት በደብተራችሁ ላይ ጻፉ።